አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ግቡ፦ ለወጣት የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን

ውድ ወጣት መምህራን፣

ከኮተቤም ሆነ ከሌላ የመምህራን ማሠልጠኛ ወጥታችሁ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስና በዙሪያው ባሉ መዋዕለ ሕፃናት ሥራ የጀመራችሁ ልጆች ስታገኙኝ ደጋግማችሁ የምታነሡት ጥያቄ አለ። «ዕቅዴን በደንብ ጽፌ እገባለሁ፤ ገና ሳልጋመስ ግን ልጆቹ ይበተኑብኛል» ትሉኛላችሁ። አንዱ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ ሌላዋ የጓደኛዋን ሹሩባ ትፈታለች፣ ሦስተኛው ምሳ ዕቃውን ይከፍታል። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከእነዚሁ ልጆች ጋር ነውና የደረስኩበትን ልንገራችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከልጆቹ ጠባይ ወይም ከእናንተ ድምፅ ማነስ አይመጣም። ከዕቅዱ ነው የሚመጣው፤ ዕቅዱ የተጻፈው ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ትልቅ ተማሪ ነው።

ቅጹን አውቀዋለሁ። ዓላማ፣ ይዘት፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ ግምገማ። ቅጹ በራሱ ክፋት የለውም፣ ርዕሰ መምህሩም ሱፐርቫይዘሩም ሊያዩት ይገባል፣ ሙሉት። ነገር ግን ክፍለ ጊዜው ሠላሳ ደቂቃ ነው ስለተባለ ብቻ ሠላሳውን ደቂቃ ቆማችሁ ለማስተማር አትነሡ። የአራት ዓመት ልጅ ተቀምጦ የመምህሩን ንግግር የሚከታተለው፣ እኔ እንዳየሁት፣ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። የስድስት ዓመቱ ምናልባት አሥር ደቂቃ ይታገሣል። ከዚያ በኋላ እጁ ሥራ ካልያዘ ወይም እግሩ ካልተነሣ አብሯችሁ የለም፤ ዓይኑ ቢያያችሁም ሐሳቡ ግቢ ውስጥ ነው።

አጭር ትምህርት ማለት ታዲያ ረጅሙን ትምህርት መሐል ላይ ማቋረጥ አይደለም። ከመነሻው አንድ ነገር ብቻ ተመርጦለት የታሰበ ትምህርት ነው። ማታ ዕቅድ ስትጽፉ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ምን አስተምራለሁ?» ብላችሁ አይሁን። «ነገ ከዚህ ክፍል ሲወጣ ልጁ ምን አድርጎ ያሳየኛል?» በሉ። መልሱ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ ሁለት ወይም ሦስት ትምህርት አንድ ላይ ደርባችኋል ማለት ነው። «ፊደልን ያውቃሉ» የሚል ዓላማ ዕቅድ አይባልም። «ከተደረደሩ አምስት ፊደላት መካከል ‹በ›ን ለይቶ ያነሣል» የሚለው ዕቅድ ነው።

አንድ ትምህርት ከመነሻው እስከ መጨረሻው ላሳያችሁ። የነገው ትምህርት ‹በ› ነው እንበል። ዘንቢል ፈልጉ፤ ከቤት የምታመጡት አሮጌ ዘንቢል ይበቃል። ውስጡ የበቆሎ ራስ፣ በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ በሶ፣ በብልቃጥ የታሸገ በርበሬ፣ ከጨርቅ የተሠራ በግ ክተቱ። በርበሬውን አደራ በደንብ ዝጉት፤ አንዲት ጣት ነክታው ዓይን ውስጥ ከገባች የዕለቱ ትምህርት በለቅሶ ያልቃል። ከነዚህ ጋር አንድ ‹በ› የሌለበት ነገር፣ ለምሳሌ ሙዝ፣ ደባልቁ። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጡ። አንድ በአንድ እጃቸውን ዘንቢሉ ውስጥ ሰደው ያውጡ፣ ስሙን ይጥሩ፣ ሁሉም ይድገሙት። ሙዙ ሲወጣ እናንተ ምንም አትበሉ። ከክቡ ውስጥ አንዱ «ይሄ እኮ አይደለም!» ብሎ ይጮኻል። ያ ልጅ ድምፁን ሰምቶ ለይቷል፣ እናንተም አላስረዳችሁም።

ይህ ሦስት አራት ደቂቃ ይወስዳል። ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ ‹በ›ን በትልቁ ጻፉ፦ ሁለት እግር፣ ከላይ አንድ ጣሪያ። ልጆቹ በጣታቸው አየር ላይ ይጻፉት፣ ከዚያ ትሪ ላይ በተነጠፈ አሸዋ ላይ። እርሳስና ደብተር ዛሬ አይወጣም። የብዙዎቹ ጣት ገና እርሳስ ለመጨበጥ አልጠነከረም፤ ገጽ ሙሉ ‹በ› እንዲገለብጡ ስታዟቸው የሚማሩት ድካሙን ነው። ከዚያ አስነሷቸው። እናንተ ቃል ትጠራላችሁ፦ በረዶ፣ በሬ፣ ድመት፣ በር። ‹በ› ሲሰሙ ይዘላሉ፣ ካልሰሙ ዝም ብለው ይቆማሉ። መጨረሻ ላይ ወደ መክሰስ ሲወጡ እናንተ በሩ ላይ ቁሙ፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ የ‹በ› ቃል እየነገራችሁ ይለፍ። ክፍላችሁ ውስጥ በረከት ወይም በእምነት ካለ ስሙን ብቻ ብሎ በኩራት ያልፋል። ግምገማ የተባለው የቅጹ ክፍል እዚህ በሩ ላይ ተሠርቶ አለቀ። ማን እንደቻለና ማን የፊተኛውን ጓደኛውን ቃል እንደደገመ በጆሯችሁ ሰምታችኋል።

ሁሉም ተደምሮ አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። የተረፈው ጊዜ የባከነ እንዳይመስላችሁ፤ መክሰስ፣ እጅ መታጠብ፣ ነፃ ጨዋታ የዚህ ዕድሜ ትምህርት ዋና አካል ናቸው።

ቃል አመራረጥ ላይ ትንሽ ልቆይ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ አንዳንድ የፊደል ገበታዎች ለ‹ለ› የሎሚ ወይም የላም ሥዕል ያደርጋሉ። አዋቂ ሰው ችግሩ አይታየውም። ልጁ ግን የሚሰማው ‹ሎ› እና ‹ላ› ነው፣ ሲያነብ የሚታየው ግን ‹ለ›፤ እናንተም ደግሞ «ለ ብለህ አንብብ» ትሉታላችሁ። ለ‹ለ› ለውዝ አለላችሁ፣ ለ‹መ› መኪና፣ ለ‹ላ› ላም፣ ለ‹ሎ› ሎሚ። የኛ ፊደል ለሕፃን የሚያመቸው አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ ነው፤ ቃሉን በጥንቃቄ ከመረጣችሁ ዓይኑና ጆሮው ይስማሙለታል።

በዚሁ ጉዳይ የየኔታ ትምህርት ቤት ያቆየልን ብዙ ብልሃት አለ። ዱላውን ተዉት፣ ለሕፃን አይሆንም። ብልሃቱን ግን እዩት። ልጁ ተራውን ጠብቆ ከየኔታ ፊት ይቀርባል፣ የድርሻውን ጥቂት ፊደል ይቆጥራል፣ ይመለሳል። ከዚያ ቀደም ብሎ የገፋው ልጅ ታናሹን ያስቀጽላል። ትምህርቱ ለአንድ ልጅ የተሰጠ አጭር ትምህርት ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት 231 ይሆናሉ፤ ልጁ ሀ ሁ ሂ እያለ በዜማ በቃሉ ይዞት ፊደሉን ግን ላያውቀው እንደሚችል የኔታዎች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አቡጊዳ የመጣው ለዚህ ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ብሎ ቅደም ተከተሉን ሲያፋልሰው ዜማው ልጁን አያድነውም፤ ፊደሉን ራሱን አይቶ መለየት አለበት። እናንተም በካርቶን ቁራጭ ላይ የጻፋችኋቸውን ፊደላት በውዙ። በተርታ ብቻ የሚያነብ ልጅ ገና አላነበበም።

ቁጥር ላይም እንዲሁ ነው። ወላጅ ልጁን አምጥቶ «እስከ ሃያ ይቆጥራል» ይላችኋል፤ ልጁም ሳይተነፍስ ይወርደዋል። ደስ ይላል፣ አመስግኑት። ከዚያ የሃይላንድ ክዳን ክምር ፊቱ አድርጋችሁ «አራት ስጠኝ» በሉት። ብዙው ልጅ እፍኝ ሙሉ ያነሣና ይሰጣችኋል። ሌላው ክዳኖቹን እየነካ ሲቆጥር አንዱን ሁለቴ ይነካል፣ አንዱን ይዘልላል። ቃሉን ያውቃል፤ ብዛቱ ገና ነው። ስለዚህ የሳምንቱ የቁጥር ትምህርታችሁ «ከ1 እስከ 20» መሆኑ ቀርቶ «ሦስት» ብቻ ይሁን። ሰኞ ሦስት ክዳን፣ ማክሰኞ ሦስት ጭብጨባ፣ ረቡዕ ሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ ላይ ሦስት ሳጥን መዝለል፣ ሐሙስ ለሦስት ጓደኞች አንድ አንድ ብርጭቆ ማደል። በሳምንት አንድ ቁጥር ቀርፋፋ ይመስላል። ሦስትን በእውነት የያዘ ልጅ ግን አራትና አምስትን ራሱ ይደርስባቸዋል። ለትንንሾቹ ሽምብራና ባቄላ አትስጡ፤ አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ይገባል። ቆርኪም ጠርዙ ስለታም ነው። የላስቲክ ክዳን ይሻላል።

ቀለም ወይም ቅርጽ፣ ወይም የማንኛውንም ነገር ስም ለማስተማር ደግሞ ከማውቃቸው ዘዴዎች አንደኛው የማሪያ ሞንቴሶሪ ነው። ጣሊያናዊቷ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የድሆች ሰፈር ውስጥ የሕፃናት ቤቷን ስትከፍት ከእርሷ በፊት የነበረውን የፈረንሳዊውን ሐኪም የሴጋንን ሥራ ተከትላ ትምህርቱን በሦስት እርከን ከፈለችው። መጀመሪያ ትናገራላችሁ፦ «ይህ ቀይ ነው። ይህ ቢጫ ነው።» ሌላ ቃል አትጨምሩ፤ «ቀይ እንደ ቲማቲም፣ እንደ ባንዲራችን…» ያላችሁ እንደሆነ ልጁ ቲማቲሙን ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ ትጠይቃላችሁ፦ «ቀዩን ስጠኝ። ቢጫውን ደብቅ። ቀዩን ራስህ ላይ አድርግ።» እዚህ ላይ ረዘም ብላችሁ ቆዩ፣ ጨዋታው ያለው እዚህ ነው። በመጨረሻ እያሳያችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ትላላችሁ። ካልመለሰ «ተሳስተሃል» አይባልም። ወደ ሁለተኛው እርከን መልሱት፣ አንዴ አሸንፎ በደስታ ይጨርስ፣ ነገ ትቀጥላላችሁ። ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያውን ሠርታችሁ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ስትዘሉ አያለሁ። ልጅ የሚዘጋውም እዚያ ላይ ነው፤ ስሙን ለመጥራት የሚደርሰው ነገሩን ደጋግሞ በእጁ ካገላበጠው በኋላ ነው።

ስለ ከተማችን መሐል አንድ ነገር ልበል። የብዙዎቻችሁ ትምህርት ቤት የተከራየ መኖሪያ ቤት ነው፤ ግቢው ሲሚንቶ፣ ክፍሉ ጠባብ፣ መስኮቱ መንገድ ላይ። ጫጫታው ያስቸግራችኋል፤ ነገር ግን ትምህርት ይወጣዋል። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ለአንድ ደቂቃ ዝም ይበሉ፣ ከዚያ የሰሙትን ይናገሩ። ታክሲ፣ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» የሚል ወያላ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ አዛን፣ የሚሰብር መዶሻ፣ የጎረቤት ዶሮ። ድምፅ መለየት ለንባብ የሚዘጋጅ ጆሮ መሥራት ነው፣ ወጪውም ምንም ነው።

በ2016 የፒያሳና የአካባቢው ሰፈሮች ከፈረሱ ወዲህ ደግሞ ከሩቅ ኮንዶሚኒየም በሰርቪስ የሚመጡ ልጆች አሏችሁ። ሌሊት ተቀስቅሰው፣ መኪና ላይ አንቀላፍተው፣ አንዳንዶቹ ቁርስ ሳይቀምሱ ይደርሳሉ። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሩብ ሰዓት ለአዲስ ነገር አትመድቡት። ሰላም በሏቸው፣ ስማቸውን ጥሩ፣ ሹራባቸውን ራሳቸው ያውልቁ፣ የሚያውቁትን መዝሙር ይዘምሩ። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረታቸውን ከመጀመራቸው በፊት ልጆቹን በሰላምታ ይቀበሏቸው እንደነበር ታላላቆቻችሁ ይነግሯችኋል፤ ልጅ እንዳዩት ሲያውቅ ነው የሚሰማው። አዲሱን ትምህርት ልጁ ከነቃና ከጠገበ በኋላ አምጡት። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የተረትና የእንቅልፍ ነው።

መሻገሪያውንም አቅዱ። ይህን ቅጹ አይጠይቃችሁም፣ ክፍላችሁ የሚበላሸው ግን በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው። አርባ ልጅ በአንዲት ቧንቧ እጁን ሊታጠብ ሲሰለፍ ከትምህርቱ የሚረዝም ጊዜ ይወስዳል፤ በሰልፉ ላይ መገፋፋት፣ መራጨት፣ ማልቀስ ይመጣል። ስድስት ስድስት ልጅ ከሞግዚቷ ጋር ይውጣ፤ የቀሩት ከእናንተ ጋር እንቆቅልሽ ይጫወቱ። «እንቆቅልህ» ስትሉ «ምን አውቅልህ» ለማለት ማንም ልጅ ወደ ኋላ አይልም። ሞግዚቷን ጠዋት አነጋግሯት፣ ዕቅዱን አሳዩአት፣ «እትዬ» ብላችሁ አክብሯት። ዓላማውን ያወቀች ሞግዚት ቧንቧው ጋ «አሁን ሦስተኛው ማነው?» ብላ ትጠይቅላችኋለች።

ከግቢ ስትወጡም ያው አንድ ነገር ነው የምትይዙት። በመሐል ከተማ ማስተማር ትልቅ ዕድል ነው፤ ከሌላ አካባቢ አውቶቡስ ተከራይተው የሚመጡበት ቦታ ለእናንተ የእግር መንገድ ነው። በ1923 የቆመው የአጼ ምኒልክ ሐውልት ጋ ወስዳችሁ ታሪኩን ሁሉ አትዘርዝሩ፤ ለዚያ ብዙ ዓመት አላቸው። «የፈረሱን እግር እዩ፤ ምን እያደረገ ነው?» ብቻ በሉ፣ ክፍል ስትመለሱ እንደ ፈረሱ ይቁሙ፣ ይሣሉት። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ስትገቡ በ1967 ሐዳር የተገኘችውን ድንቅነሽን ታሳዩአቸዋላችሁ። ሦስት ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር ለአምስት ዓመት ልጅ ምንም ማለት አይደለም። ቁመቷ ግን አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ከፊታችሁ ከቆሙት ከአንዳንዶቹ ልጆች ጋር እኩል ናት። «ከኔ ጋር እኩል ናት!» ብሎ ወደ ቤቱ የሄደ ልጅ ያን ቀን አይረሳም፤ እናንተም ረጅምና አጭር የሚለውን ትምህርት ጨርሳችኋል።

ከትምህርቱ በኋላ ሁለት መስመር ጻፉ። ማን ምን አደረገ፣ የት ላይ ሰለቹ። «ሙዙ ጥሩ ነበር፤ አሸዋው ትሪ አንሷል፣ ሁለት ልጆች ተጣሉ፤ ሰኢድና ሄለን ገና ‹በ›ን ከ‹ሰ› ያምታታሉ» የሚል ማስታወሻ ከተገለበጠ ገጽ ሙሉ ዕቅድ ይበልጥብኛል። የነገው ዕቅድ የሚወጣው ከዚህ ነው። ነገ ያንኑ ‹በ› በአንድ ለውጥ ብትደግሙት ልጆቹ አይሰለቹም፤ የሚያውቁትን መድገም የሚሰለቸው ትልቅ ሰውን ነው። የምግብ ዕቃ ይዛችሁ የምታስተምሩ ከሆነ ግን የጾሙን ወቅት፣ ረመዳኑንም፣ አስቀድማችሁ ከወላጅ ጋር ተነጋገሩበት።

ወላጆችን በተመለከተ ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ ዓይናቸው የሚፈልገው የተሞላ ደብተር ነው። ክፍያ ከፍለዋል፣ የጎረቤት ልጅ ከላይ እስከ ታች ኤቢሲዲ ሲገለብጥ አይተዋል፣ የነሱ ልጅ ግን አሸዋ ላይ ሲጫወት ዋለ ሲባል ይደነግጣሉ። አትቆጧቸው፣ የልጃቸው ነገር ነው። ማምሻ በሩ ላይ ስታስረክቡ ጊዜ ወስዳችሁ አንድ የተለየ ነገር ንገሯቸው። «እናቱ፣ ዛሬ በትክክል ሦስት ክዳን ቆጥሮ ሰጥቶኛል። ማታ ሽንኩርት ስትከትፊ ከዘንቢሉ ሦስት እንዲያመጣልሽ ጠይቂው፤ ካበዛም አትቆጪው፣ አብረሽው ቁጠሪ» በሏቸው። በማግስቱ ጠዋት እናትየው ራሷ ቀድማ መጥታ ስንት ሽንኩርት እንዳመጣ ትነግራችኋለች፤ ያንንም ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት።